የአውቶሞቢላችንን ጣሪያ እንዴት አድርገን አለበስነው

ሰው አውቶሞቢሉን ሲያጸዳ የሚደክመው ለውጭው ቀለም፥ ለመስታወቱና ለጎማው ነው። ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ቀና ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ጨርቁ ግን ሥራውን በዝምታ ይሠራል። የቆርቆሮውን ሙቀት ይከላከላል፤ የዝናቡን ድምፅ ያበርዳል፤ የመንገዱንም ጩኸት ይቀንሳል። ባለቤቱ መኖሩን የሚያስታውሰው በራሱ ላይ የወደቀ ቀን ነው። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የምንኖረው በናይሮቢ ከተማ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከመሐል ከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ይገኛል። መንገዶቹ አንደኛ አቬኑ፥ ሁለተኛ አቬኑ እየተባሉ በቍጥር የሚጠሩ፥ ዛፍ የበዛባቸው ናቸው። ትውልዳቸው ከህንድ አገር የሆነ ኬንያውያን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታልም በዚሁ ሰፈር ነው። አውቶሞቢላችን ከጃፓን አገር የመጣ፥ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ወር ነው። በናይሮቢ ይህ ጊዜ ደረቅና ሞቃት ነው። አውቶሞቢላችንም ጥላ በሌለበት ስፍራ ቀኑን ሙሉ ሲቆም ሰነበተ። አንድ ቀን ከኋላው መስታወት አጠገብ ጨርቁ እንደ ሆድ ተነፍቶ አየን። በሳምንቱ ንፋቱ እስከ መካከል ደረሰ። እኛም መርፌ ቍልፍ ወጋንበት፤ ዳሩንም ለጫማ በሚሆን ተራ ማስቲሽ አጣበቅነው። ማስቲሹ ማታ ያዘ፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ግን በሙቀቱ ለስልሶ ለቀቀ። በጨርቁም ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ትቶ ቀረ።

በመጋቢት መጀመሪያ አክስታችን ለሕክምና ከደሴ መጡ። እርሳቸው የአስም በሽታ አለባቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለናቸው ስንመለስ ከጣሪያው የሚረግፍ ቢጫ ዱቄት በነጠላቸው ላይ ወረደ። ሳል ጀመራቸው፤ እስከ ቤት ድረስም አልተዋቸውም። በዚያው ጕዞ ላይ የጨርቁ አንድ ወገን ድንገት ተላቅቆ ስፖኪዮውን ጋረደው። መሪውን ወደ ግራ ስናዞር፥ በዚህ አገር ቦዳ ቦዳ የምትባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከኋላችን ደርሳ ኖሯል። ነጂው ጮኾ ባያስጠነቅቀን ኖሮ ሰው በገጨን ነበር። ያን ማታ ጣሪያው የማማር ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጕዳይ ሆነብን።

በማግስቱ ቀድሞ ግሮገን ሮድ ይባል ወደ ነበረው ወደ ኪሪንያጋ ሮድ ወረድን። ይህ መንገድ የአውቶሞቢል መለዋወጫ የሚሸጥበት ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ ባለ እጅን ፉንዲ ይሉታል። ያለ ቤት፥ በሜዳ ላይ የሚሠራውንም ጁአ ካሊ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። እኛም የአውቶሞቢል ልባስ ከሚሠሩ ፉንዲዎች አንዱን፥ በዕድሜ የገፉ ሰው፥ አግኝተን ጠየቅናቸው። የነገሩን ዋጋ ለድካማቸው የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን ከአክስታችን የአንድ ወር መድኃኒት ጋር ተካከለብን። ይህን ስንነግራቸው አልተቈጡም። ጨርቁንና ማስቲሹን ከዚያው ገዝተን ሥራውን በቤታችን እንድንሞክር መከሩን፤ ምክንያቱንም አስረዱን።

የዘመናችን አውቶሞቢል ጣሪያ ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ከተጨመቀ ካርቶን ወይም ከብርጭቆ ክር የተሠራ፥ የጣሪያውን ቅርጽ የያዘ ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ሲሆን፥ ከጀርባው 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ አለው። ሙቀትና እርጥበት ይህን ስፖንጅ በብዙ ዓመት ውስጥ ይበሉታል። ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ማስቲሹ አይደለም፤ ስፖንጁ ራሱ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። እንግዲህ በረገፈ ስፖንጅ ላይ አዲስ ማስቲሽ መቀባት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። የእኛም መርፌ ቍልፍና ማስቲሽ ያልረዳን ስለዚህ ነበር።

የጥንቶቹ አውቶሞቢሎች አሠራር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው ፔጆ 404፥ በአዲስ አበባም ብዙ ወዳጅ ያለው ቮልስዋገን፥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የላቸውም። ጨርቃቸው እንደ ድንኳን በብረት ዘንጎች ላይ የተሰቀለ ነው፤ ዘንጎቹም በጨርቁ ላይ በተሰፋ ቦይ ውስጥ ያልፋሉ። በቮልስዋገን ጨርቁን ለመለወጥ የፊትና የኋላ መስታወት መውለቅ አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ለባለ እጅ መተው ይሻላል።

ወደ ቤት ተመልሰን የሆነውን ለአክስታችን ስንነግራቸው፥ ከእኛ አንዱ «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ለአጣሪው» ሲል ተረተ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸገረን አለመቻል ብቻ አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ሰው በጎረቤት ፊት መቀስና ማስቲሽ ይዞ መታየቱ አሳፍሮን ነበር። አክስታችን ግን፥ «ልጆቼ፥ ይህን የለበስሁትን ነጠላ ማን የፈተለው ይመስላችኋል? እጅ ያለው ሰው በምን ያፍራል?» አሉን። የሚመልስ አልተገኘም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ አዋጁ በየልባችን ገና እንዳልተፈጸመ ግን በዚያች ማታ አወቅን።

ቅዳሜ ጧት ሥራውን ጀመርን። ትልቁ ዝናብ በመጋቢት መጨረሻ ስለሚገባ ጊዜያችን አጭር ነበር። አካሄዳችንን በተራ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታን፤ የጣሪያውን መብራት ስንነቅል ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ ነው። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እናሳስባለን። በብዙ አዳዲስ አውቶሞቢሎች በጣሪያው ዳርና ዳር፥ ከልባሱ በስተ ጀርባ፥ በአደጋ ጊዜ እንደ መጋረጃ የሚዘረጋ ኤርባግ አለ። ምልክቱም ብዙውን ጊዜ በምሰሶው ልባስ ላይ ተጽፎ ይታያል። እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም። የእኛ ኮሮላ ይህ የለውም።

ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያዎቹን፥ የእጅ መያዣዎቹን፥ መብራቱን፥ የልብስ መስቀያዎቹንና የምሰሶዎቹን ልባስ በካቻቪቴ ፈታን። የበሩን ጎማ ከላይ በኩል አላቀቅን። እያንዳንዱን ብሎን በየፖስታው ከተን፥ የወጣበትን ስፍራ ጻፍንበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ማታ ሲገጠም ዕንባ የሚያድን ነው። ከዚያ የፊቱን ወንበሮች ወደ ኋላ አስተኝተን፥ ሰሌዳውን ሁለት ሆነን አውርደን በፊት በር አወጣነው። ሰሌዳው ከታጠፈ ስንጥቁ በአዲሱ ጨርቅ ላይ ስለሚታይ ማጠፍ ክልክል ነው።

ሰሌዳውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አሮጌውን ጨርቅ ገፈፍን። የቀረውን ስፖንጅ ለስላሳ ብሩሽ ይዘን ጠረግን። አፍና አፍንጫችንን በጭምብል ሸፈንን፤ የብርጭቆ ክር ቆዳ ስለሚያሳክክም የእጅ ጓንት አደረግን። በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ካርቶኑ ይለሰልሳል። ይህ ክፍል ሦስት ሰዓት ወሰደብን። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም የሥራው መሠረት እርሱ ነው። አሮጌው ስፖንጅ ባለበት ስፍራ አዲሱ ጨርቅ አይይዝም።

አክስታችንን ከዱቄቱና ከማስቲሹ ሽታ ለማራቅ ነፋስ በማያደርስባቸው በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው። እርሳቸው ግን ከዚያው ሆነው ሥራውን ይመሩ ጀመር። ጨርቁን ከሰሌዳው በየወገኑ 5 ሴንቲሜትር አስተርፈን እንድንቈርጥ አዘዙ። «ጨርቅ ተርፎ ይቈረጣል፤ ጎድሎ ግን አይቀጠልም» አሉን። የገዛነው ጨርቅ ከጀርባው ስፖንጅ ያለው፥ ወደ ሁሉም ወገን የሚሳብ ዓይነት ነው። የማይሳብ ጨርቅ በጐድጓዳው ስፍራ ላይ አይተኛም።

ስለ ማስቲሹ ከዚህ በፊት የደረሰብን ትምህርት ሆኖናል። በፀሐይ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ጣሪያውም ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል፥ ለአውቶሞቢል ጣሪያ የተሠራ ማስቲሽ ያስፈልጋል። ሽታው የሚጎዳ፥ ጢሱም በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለ ሆነ ሥራው በግልጥ ስፍራ መሆን አለበት፤ ሲጋራም ሆነ ምድጃ በአጠገቡ አይኑር።

ጨርቁን በሰሌዳው ላይ ካስተካከልን በኋላ ግማሹን ወደ ኋላ አጠፍነው። ማስቲሹን በሰሌዳውም በጨርቁም ጀርባ ነፋን። በጣት ሲነካ ተጣብቆ የማይከተል እስኪሆን ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያም ከመካከል ወደ ዳር በመዳፍ እያስተኛን ወሰድነው። ጐድጓዳው ስፍራ አስቀድሞ ይሞላል፤ ዳሩ በመጨረሻ ይመጣል። ዳሩ አስቀድሞ ከተያዘ ጨርቁ በጐድጓዳው ላይ እንደ ድልድይ ተወጥሮ ይቀርና በኋላ ይለቅቃል።

ሁለተኛውን ግማሽ ስንጀምር ደመና መጣ። ቸኰልንና ማስቲሹ ሳይደርስ ጨርቁን አስተኛነው። ከመብራቱ በስተ ግራ እጥፋት ወጣ። ልንጐትተው ስንል አክስታችን ከበረንዳው ሆነው «አትጐትቱ! ቀስ ብላችሁ አንሱና እንደገና አስተኙት» ብለው ጮኹ። እንዳሉትም አደረግን። እጥፋቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህን የምንጽፈው ሥራው ያለ ስሕተት ተፈጸመ ብሎ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር ነው።

ሰሌዳውን በመኪና ቤት ውስጥ እስከ እሑድ አሳደርነው። በማግስቱ የተረፈውን ጨርቅ በጀርባ በኩል አጥፈን አጣበቅን። ለመብራቱና ለመያዣዎቹ የሚሆነውን ቀዳዳ በመስቀል ቅርጽ በምላጭ ቈርጠን ጫፎቹን ወደ ውስጥ መለስን። የምሰሶዎቹን ልባስ ስፖንጅ በሌለው ቀጭን ጨርቅ አለበስን፤ ወፍራም ጨርቅ ተመልሶ በስፍራው አይገባምና። የፀሐይ መከላከያዎቹን ሽፋን አክስታችን ራሳቸው በመርፌ ሰፉልን።

የአንዱን በር ልባስም እግረ መንገዳችንን ፈትተን አደስን። ከበሩ ልባስ በስተ ጀርባ ቀጭን ላስቲክ ተለጥፎ ይገኛል። ብዙ ሰው ጥቅም የሌለው መስሎት ቀዶ ይጥለዋል። በመስታወቱ በኩል የሚገባውን የዝናብ ውሃ ወደ በሩ ሥር የሚመልሰው ግን ያ ላስቲክ ነው። እርሱ ከጠፋ ውሃው ወደ ወለሉ ይገባል። ስለዚህ በጥንቃቄ መልሰን ለጠፍነው።

ወጪያችን ፉንዲው ከጠየቁን ዋጋ ከሲሶው አልበለጠም። የቀረው ገንዘብ ለመድኃኒት ሆነ። እንዲህ ያለው እውቀት ለአገራችንም ሰው ይጠቅማል ብለን እናምናለን። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ጠብቆ ማቈየት የቤተ ሰብ ቍጠባ ሆኗል። ሥራውን ጨርሰን ለሽማግሌው ፉንዲ ለማሳየት ሄደን ነበር። መስመሯን በጣታቸው ነክተው ፈገግ አሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደመና ሲመጣ ጨርቁን ትተን ሻይ እንድንጠጣ መከሩን።

በሚቀጥለው ሳምንት አክስታችንን ወደ ሐኪማቸው ስንወስድ ትልቁ ዝናብ ጀመረ። ውሃው ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አክስታችን ነጠላቸውን ተመለከቱ፤ ዱቄት የለበትም። ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፥ «ዝናቡ ራቀ እኮ» አሉ። እስከ ሐኪሙ ቤትም ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስሉ ደረስን።