በውሰት የቆመ ሥልጣን፦ የቴክሳስ ምክትል አገረ ገዥ

በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን የወር ደመወዙ 600 ዶላር ብቻ የሆነ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አለ። የግዛቲቱን ሴኔት በሊቀመንበርነት ይመራል። ረቂቅ ሕጎችን ወደ ኮሚቴ የሚመራው፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን የሚሾመው እሱ ነው። የሁለት ዓመቱን በጀት የሚያዘጋጀውንም ቦርድ ከታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጋር ሆኖ ይመራል። ማዕረጉ ምክትል አገረ ገዥ ነው፤ የቴክሳስን ፖለቲካ የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች ግን ከዋናው አገረ ገዥ ይልቅ እሱ ይከብዳል ሲሉ ኖረዋል።

በእኛ አገር ታሪክ የታወቀው የምክትልነት ስም እንደራሴ ነው። ትርጉሙም ከስሙ ይሰማል፦ «እንደ ራሴ ሆነህ ሥራልኝ»። እንደራሴ ሥልጣኑን የሚቀዳው ከወከለው ሰው ነው። የቴክሳሱ ምክትል እንዲህ አይደለም። ሕዝቡ ከአገረ ገዥው ለይቶ ይመርጠዋል፤ ከተቃራኒ ፓርቲ ሊመጣም ይችላል፤ አገረ ገዥው ሊሽረው አይችልም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሥልጣን ከማን አገኘው? መልሱ ያለው በወንበሩ ታሪክ ውስጥ ነው።

ቴክሳስ ከሜክሲኮ ተለይታ በ1836 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ስትሆን ምክትል ፕሬዚዳንት ነበራት፤ ሴኔቱን የሚመራውም እሱ ነበር። ወደ አሜሪካ ኅብረት ስትገባ የ1845ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን በአገረ ገዥ፣ ምክትሉን በምክትል አገረ ገዥ ተካ፤ የሴኔቱ ወንበር ግን ከምክትሉ አልተለየም። የመጀመሪያው ባለወንበር አልበርት ሆርተን ነበሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ተሸንፈዋል ተብሎ ከተነገረ በኋላ፣ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ አሸናፊ አደረጋቸው። ብዙም ሳይቆዩ አገረ ገዥው ፒንክኒ ሄንደርሰን በ1846 ወደ ሜክሲኮ ጦርነት ሲዘምቱ ሆርተን ግዛቲቱን በተጠባባቂነት አስተዳደሩ።

ዛሬም የሚሠራበት የ1876ቱ ሕገ መንግሥት የተጻፈው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ጠንካራ አገረ ገዥ በሚፈራበት ዘመን ነው። ስለዚህ የአስፈጻሚውን ሥልጣን ለየብቻ ለሚመረጡ ሹማምንት በታተነው። ለምክትሉ በግልጽ የሰጠው ጥቂት ነው፦ ሴኔቱን መምራት፣ ድምፅ እኩል ሲከፈል መለየት፣ አገረ ገዥው ከግዛቲቱ ሲወጣ ወይም ቦታው ሲጎድል መተካት።

መተካቱ በየዘመኑ ደርሷል። በ1917 አገረ ገዥ ጄምስ ፈርጉሰን ተከሰው ሲወገዱ ዊልያም ሆቢ ተተኩ። በ1941 ሊ ኦዳንየል ወደ ዋሽንግተን ሴኔት ሲሄዱ ኮክ ስቲቨንሰን ወንበሩን ያዙ። በሐምሌ 1949 ደግሞ ቦፎርድ ጄስተር በሌሊት ባቡር ተሳፍረው ሳለ አረፉ፤ በሥልጣን ላይ እያሉ የሞቱ ብቸኛው የቴክሳስ አገረ ገዥ እሳቸው ናቸው። ምክትላቸው አለን ሺቨርስም ተክተዋቸው እስከ 1957 መጀመሪያ ገዙ።

ዕለት ተዕለት የሚታየው ክብደት ግን ከመተካቱ አይመጣም፤ ከሴኔቱ የውስጥ ደንብ ነው። ኮሚቴ መሾምንም ሆነ ረቂቅ መምራትን ለምክትሉ የሰጠው ሕገ መንግሥቱ ሳይሆን 31ዱ ሴናተሮች ራሳቸው ናቸው። በ1949 የተቋቋመው የበጀት ቦርድ ሲጨመርበት ወንበሩ ይበልጥ ከበደ።

ከልማዶቹ ሁሉ የሚደንቀው «የመዝጊያ ረቂቅ» ነው። በደንቡ መሠረት ረቂቆች የሚታዩት ከኮሚቴ በወጡበት ተራ ነው። ጉባኤው እንደተከፈተ ማንም የማይፈልገው አንድ ረቂቅ ቀድሞ ይወጣና በተራው አናት ላይ ይቀመጣል፤ ለውይይትም አይቀርብም። በጠባብ መንገድ ላይ እንደቆመ ጋሪ የኋላውን ሁሉ ይዘጋል። ከጀርባው ያለ ረቂቅ የሚያልፈው ተራው በድምፅ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ለዚያም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ሁሉም ከተገኙ 21 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ተራው ይነሣ ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ ቃል የሚሰጠው ሊቀመንበሩ ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዎች ማገድ ይችሉ ነበር፤ መክፈቻው ግን በምክትሉ እጅ ነበር።

ይህ ልማድ በ1979 ተፈተነ። ወንበሩ ላይ የነበሩት የ1917ቱ ሆቢ ልጅ ቢል ሆቢ ነበሩ፤ ለ18 ዓመታት ተቀምጠውበታል፤ ከሳቸው የቆየ የለም። በፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ ረቂቅ ላይ የሁለት ሦስተኛውን ልማድ ሊያልፉት መሆኑን ሲያሳውቁ 12 ሴናተሮች ተሰወሩ። ምልዓተ ጉባኤው 21 በመሆኑ ሴኔቱ ሥራ አቆመ። ፖሊስ በየቦታው ሲፈልጋቸው አብዛኞቹ እዚያው ኦስቲን ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጋር በተያያዘ ቤት ተደብቀው ነበር። ከቀናት በኋላ ሳይያዙ በራሳቸው ተመለሱ፤ ረቂቁም ሳያልፍ ቀረ። ሊቀመንበሩ ሁሉ ነገር በእጁ ነበር፤ የባልደረቦቹ ፈቃድ ሲጎድል ግን መዶሻው ብቻውን ምንም አላደረገም።

ተቃራኒው ምሳሌ ከ1991 እስከ 1999 ያገለገሉት ቦብ ቡሎክ ናቸው። እሳቸው ዴሞክራት፣ ከ1995 ጀምሮ አገረ ገዥ የሆኑት ጆርጅ ቡሽ ሪፐብሊካን ነበሩ። ሁለቱ ተባብረው ሠሩ፤ ቡሎክም በመጨረሻ ለቡሽ ዳግም መመረጥ ድጋፋቸውን ሰጡ። ተከታያቸው ሪክ ፔሪ በታኅሣሥ 2000 የቡሽን ቦታ ሲይዙ የምክትሉ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሴናተሮቹም ከመካከላቸው ቢል ራትሊፍን መረጡ። ዳን ፓትሪክ ወንበሩን በያዙበት በ2015 ሴኔቱ የድምፁን መስፈርት ወደ ሦስት አምስተኛ፣ በ2021 ደግሞ ወደ አምስት ዘጠነኛ አወረደው። ልማዱ የላላው በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አይደለም፤ በሴናተሮቹ ድምፅ ነው።

የቴክሳስ መደበኛ ጉባኤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በጎዶሎ ዓመት ጥር ተከፍቶ ከ140 ቀን አይበልጥም። ጉባኤው ሲጀመር ሴኔቱ ደንቡን በድምፅ ያጸድቃል፤ ለምክትሉ ያዋሰውን ሥልጣን የሚያድስበት ወይም የሚመልስበት ሰዓት ያ ነው። በዳላስና በሂውስተን ዜግነት ይዘው የሚመርጡ ወገኖቻችን በየአራት ዓመቱ የምክትል አገረ ገዥውን ስም ከአገረ ገዥው ተለይቶ ያገኙታል። በዚያው ቀን የወረዳቸው የሴናተር ወንበር ለምርጫ ከቀረበ ያንንም ስም ረጋ ብለው ይመልከቱት፤ መዶሻውን ለምክትሉ የሚያውሰው ከነዚያ 31 አንዱ እሱ ነውና።