ፊልሙን የሚያነብ ኮምፒውተርና የደባርቅ ራስ ምታት

ደባርቅ ወይም ዳባት አካባቢ ሰው እርሻ ላይ ውሎ ድንገት ራሱን ሲያመው ምርመራው የሚጀምረው ጎረቤት ዘንድ ነው። ምች ነው ይባላል፤ ዳማከሴ ይጨመቃል። ብዙው ራስ ምታት በራሱ የሚለቅ ስለሆነ ዳማከሴው ይመሰገናል። በቅጽበት ጣሪያ የሚነካ፣ ትውከትና የአንገት መገተር የሚያስከትል ራስ ምታት ግን ከዚህ ይለያል። ጤና ጣቢያ ሲደርስም ቀድሞ የሚጠረጠረው ማጅራት ገትር ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለሆነች ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ሌላው ሊጠረጠር የሚገባው የአንጎል ደም ሥር እብጠት፣ ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት ነው። ከአንጎል ሥር ደም ቅዳዎች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ በ1664 እ.ኤ.አ. በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ ዊሊስ ስም ይጠራል። ሥሮቹ ቅርንጫፍ በሚያወጡበት ቦታ ግድግዳቸው ከሳሳ፣ የመኪና ጎማ በሳሳ ጎኑ እንደሚያብጠው ያብጣል። ከመቶ አዋቂ ሰው ሦስት ያህሉ ይህን ይዞ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ኖሮ በሌላ ምክንያት ይሞታል። ከፈነዳ ግን ደሙ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ይፈሳል፤ ከሦስት ሕመምተኞች ቢያንስ አንዱ አይተርፍም። የደም ግፊት፣ ሲጋራና የቤተሰብ ታሪክ አደጋውን ያባብሳሉ።

ያልፈነዳውን ለማየት አዮዲን ያለበት መድኃኒት በክንድ ሥር ተሰጥቶ ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ይነሳል። የሚወጣው በመቶዎች የሚቆጠር ስስ ሥዕል ነው። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ እያንዳንዱን እያገላበጠ፣ በተጠማዘዙት ሥሮች መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል ጉብታ ይፈልጋል። በሥራ ብዛት የደከመ ዓይን ቢስታት አይገርምም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄድኤክስኔት የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ባለሙያዎች እብጠት ካለ በምልክት ከለዩባቸው 611 ምርመራዎች ተምሮ፣ በአዲስ ፊልም ላይ የተጠራጠረውን ቦታ ቀለም ይቀባል። በሽታውን አይሰይምም፤ ውሳኔውን ለሐኪሙ ይተወዋል። ስምንት ሐኪሞች 115 ምርመራዎችን በፕሮግራሙ ታግዘውና ሳይታገዙ አነበቡ። እብጠት ካለባቸው መቶ ፊልሞች ያለ እርዳታ 83 ያህሉን ሲያገኙ በእርዳታ 89 ያህሉን አገኙ። ስድስት ሰው ትንሽ አይደለም። ሆኖም ጥናቱ የአንድ ተቋም ነው፤ ቀድሞ እብጠታቸው በቀዶ ሕክምና በክሊፕ የተያዘላቸው ሰዎች ፊልሞች አልተካተቱም፤ በሌላ ማሽን የተነሳ ፊልም ሲቀርብለት እንዲሁ ጎበዝ ይሆናል ማለትም አይቻልም። ቀለም የሌለበትን ቦታ ሐኪሙ ንጹሕ ነው ብሎ ሊያልፈው መቻሉ ደግሞ እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳባት 75 ያህል ነው። ሪፈር የሚጻፈው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ኮምፒውተሩ እዚያ ተቀምጦ እብጠቱን ቢያገኝስ? ሕክምናው ወይ የራስ ቅል ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በክሊፕ መያዝ ነው፤ አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ዘዴ ነው። ወይም በደም ሥር ቱቦ አስገብቶ እብጠቱን በስስ ሽቦ መሙላት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የሚሠራ እጅ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ባለበት አገር፣ ምናልባት ዕድሜ ልኳን የማትፈነዳን ትንሽ እብጠት ለአንድ ገበሬ መንገር ጭንቀት ማሸከም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከደባርቅ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ይህ ፕሮግራም ቀዳሚ ተፈላጊ ነው አልልም። መድኃኒት በማይወጋበት ተራ ሲቲ ላይ የፈሰሰ ደም አይቶ «ይህን ቶሎ አንብቡ» የሚል ፕሮግራም ይቀድማል። ስትሮክ ለተጠረጠረበት ሰው፣ ደም እየፈሰሰ ከሆነ የሚጎዳው አስፒሪን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው በዚያው ሌሊት የሚወሰነው በዚህ ነውና።

እርሱም ቢሆን ሰዓት ይፈልጋል። ራስ ምታቱ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ የተነሳ ጥሩ ሲቲ ደሙን ከሞላ ጎደል አይስትም፤ ሳምንት ካለፈ ግን ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል፤ ደሙ ታጥቦ ይሄዳልና። ሦስት ቀን በዳማከሴ፣ ሁለት ቀን በጸበል ቆይቶ ለመጣ ሰው ኮምፒውተሩ የሚያነበው ነገር እየጠፋ ነው። በዚህ የሚሞተው ሰው ቁጥርም ተለይቶ አይታወቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ልደትና ሞትን ይከታተላል፤ የሞትን ምክንያት ለመለየት የሟች ቤተሰብ ይጠየቃል። በእንዲህ ያለው መጠይቅ የፈነዳ እብጠት ለብቻው አይወጣም፤ ከሌላው ስትሮክ ጋር ይደመራል።

ዘግይቶ ለሚመጣው ሰው የማጅራት ገትሩ ጥርጣሬ ይጠቅማል። ሆስፒታል ውስጥ በሽታውን ለማረጋገጥ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳል። ማጅራት ገትር ከሆነ ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ይደፈርሳል፤ እብጠት ፈንድቶ ከሆነ ደም ይቀላቀልበታል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ተጣርቶ ሲታይ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ሲቲው ያመለጠውን ሊያሳይ ይችላል። ቱቦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ከንጹሕ ውኃ ጋር ለሚያስተያይ የደባርቅ ሐኪም፣ የጎንደሩ ሪፈር የሚጻፈው ከዚያ ነው።