ሰንጠረዥ፦ ማሸነፍ ብቻ የማይበቃበት ጨዋታ

ሰንጠረዥ የአገራችን ጥንታዊ ቼዝ ነው። በየቤተ መንግሥቱና በየመኳንንቱ ድንኳን ይዘወተር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ይጫወቱት ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሕጉን ጽፎልናል፤ ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ገበታው 64 ቤት ያለው ጨርቅ ነው፤ ቤቶቹ በጥብጣብ ይለያሉ እንጂ ጥቁርና ነጭ አይደሉም። በእያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ 2 ሳባ፣ 2 ፈረስ፣ 2 ደርና 8 መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ሳባ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው፦ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር ግን መጨረሻው ላይ ነው። በብርቱዎቹ፣ በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን የገደለ አሸንፏል፤ ሙገሳው ግን ትንሽ ነው። በሳባና በፈርዝ የጨረሰ ይመሰገናል፤ በመደቅ የጨረሰ ደግሞ ይበልጥ። ጠጠሮቹን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም። ስለዚህ አሸናፊው ያገኘውን ሁሉ ከመብላት ተቆጥቦ፣ ደካማ ጠጠሮቹን በትዕግሥት ማቀናጀት አለበት።

ዛሬ በዓለም ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚቀጥሉ አንዳንድ የዘመቻ ጨዋታዎች ከማሸነፍ በላይ ሌላ ግብ የማስቀመጥን ይህንኑ ብልሃት ይጠቀማሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ግሉምሄቨን የተባለው የገበታ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የምስጢር ግብ የያዘ ካርድ ይሰጣል። ግቡን ያልፈጸመ በዚያ ብቻ አይሸነፍም፤ የፈጸመ ግን ገጸ ባሕርዩን ያጠነክራል። እንዲህ ያለው የውዴታ ተልዕኮ ተጫዋቹን በሁለት ሐሳብ ይወጥረዋል፦ ድሉን ቶሎ ልያዝ ወይስ የሚበልጠውን ልሞክር?

ልዩነቱ ሽልማቱ ላይ ነው። በሰንጠረዥ ተጨማሪ ነጥብ የለም፤ ያለው የተመልካቹ አድናቆት ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ጮክ ብሎ አስተያየት የሚሰጥ ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዥን ለልጆች የሚያስተምር ሰው የጠጠሮቹን አካሄድ ብቻ ነግሮ ማቆም የለበትም። የትኛው አሸናፊነት ከየትኛው እንደሚበልጥ ካልነገራቸው ጨዋታውን ግማሹን ብቻ አስተላልፏል።