የፓፑንያ ግድግዳና የታሪኩ ባለቤቶች

ፓፑንያ ከአሊስ ስፕሪንግስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአውስትራሊያ በረሃ መሀል የምትገኝ ትንሽ ሰፈር ናት። መንግሥት የመሠረታት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፒንቱፒ፣ ሉሪጃ፣ ዋርልፒሪ፣ አረርንቴና ሌሎችም ነባር ሕዝቦች ከየአገራቸው ተሰብስበው እዚያ ሰፈሩ። የጊዜው ፖሊሲ እንደ ነጭ እንዲኖሩ ማድረግ ነበር። ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አያቶቻቸው የሚያውቁት ነገር በክፍሉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1971 ጄፍሪ ባርደን የተባለ ወጣት የሥዕል መምህር ወደዚህ መጣ። ተማሪዎቹ ወረቀት ሲሰጣቸው የሚስሉት በፊልም ያዩትን ካውቦይ ነበር። ግቢ ውስጥ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ግን ጣታቸው ፈጽሞ ሌላ ነገር ይስላል። ባርደን ይህን አስተዋለ፤ ያንኑ በቀለም እንዲስሉትም አበረታታቸው።

ያ የአሸዋ ሥዕል ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ በረሃ ሴቶች ለልጆች ታሪክ ሲነግሩ መጀመሪያ መሬቱን በመዳፋቸው ይደለድላሉ። ቅስት ከተሣለ ሰው ተቀምጧል ማለት ነው፤ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አሸዋው ላይ የሚተወው ዱካ ይህንኑ ይመስላልና። ከቅስቱ አጠገብ መቆፈሪያ እንጨት ከተሰመረ የተቀመጠችው ሴት ናት፤ ጦር ከተሰመረ ወንድ ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሣሉ ክቦች ሰፈር ወይም የውኃ ጉድጓድ ይሆናሉ፣ የሚያገናኛቸው መስመር መንገዱ ነው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ አሸዋው ይጠረግና ቀጣዩ ይጀመራል። ልጁ ፊደል ሳይቆጥር የአገሩን ካርታ ማንበብ ይለምዳል፤ ውኃ በሚያስጨንቅበት ምድር ይህ ዕውቀት የሕይወት ጉዳይ ነው።

የልጆቹ ሥራ ትልልቆቹንም ሳበ። በዚያው ዓመት ሎንግ ጃክ ፊሊፐስ ጃካማራን ጨምሮ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሠራተኞችና ሽማግሌዎች መከሩና አንዱን ግድግዳ ለመሣል ተስማሙ። የመረጡት የማር ጉንዳንን ታሪክ ነበር። ሆዱ ውስጥ ማር የሚያጠራቅመው ይህ ጉንዳን በአካባቢው ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላ ሲሆን፣ ፓፑንያ ያለችበት ቦታም በጁኩርፓ፣ ማለትም ቀደምት አባቶች ምድሩን እየዞሩ በቀረጹበት ታሪክና ሕግ፣ የእርሱ አገር ነው። ታሪኩ እንዲሣል ፈቃድ የሰጠው ባለቤቱ ሽማግሌው ቶም ኦኒየን ጃፓንጋቲ ነበር፤ ሥራውን ካፓ ጃምፒጂንፓ መራ። ካፓ መጀመሪያ ጉንዳኖቹን በአውሮፓውያን አሣሣል አስቀምጧቸው እንደነበር ባርደን ጽፏል። ጉንዳኖቹ የእናንተ ናቸው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን ተመካክረው በራሳቸው ምልክት ለወጧቸው።

እኔ ከዚህ ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ያንን ፈቃድ ነው። በዋርልፒሪዎች ዘንድ ለምሳሌ ታሪክ በአባት ወገን የሚወረስ ባለቤት አለው፤ በእናት ወገን ደግሞ በትክክል መነገሩን የሚጠብቅ አለ። ሴቶችና ሕፃናት ማየት የሌለባቸው ክፍሎችም አሉ። ሠዓሊዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ከሣሏቸው ሥዕሎች አንዳንዶቹ እነዚህን ክፍሎች በማሳየታቸው በሌሎች ማኅበረሰቦች ዘንድ ቁጣ አስነሥተዋል። ከዚያ በኋላ ሠዓሊዎቹ የተከለከለውን መተው ወይም መሸፈን ጀመሩ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው የበረሃው ሥዕል ነጥቦች መብዛታቸው በከፊል ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ግድግዳው በ1974 በቀለም ተቀብቶ ጠፋ። የአሣሣሉ ጥበብ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። በ1972 ሠዓሊዎቹ ፓፑንያ ቱላ የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ክሊፎርድ ፖሰም ጃፓልጃሪ በ1977 የሣለው «ዋርሉጉሎንግ» መጀመሪያ በ1,200 ዶላር ተሽጦ ነበር፤ በ2007 በ2.4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የአገሪቱ ብሔራዊ ጋለሪ ገዛው።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን ያህል አልቀናቸውም። በ1970ዎቹ ፓፑንያ በምትገኝበት ግዛት በኖርዘርን ቴሪቶሪ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተጀምሮ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ የሚያነቧቸው ትንንሽ መጻሕፍት ይታተሙ ነበር። በ2001 የፓፑንያ መምህራንና ተማሪዎች የአገራቸውን ታሪክ በራሳቸው ቃልና ሥዕል አዘጋጅተው በመጽሐፍ አወጡ። በ2008 ግን የግዛቱ መንግሥት የትምህርት ቀኑ የመጀመሪያ አራት ሰዓታት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆኑ አወጀ። በዚያው ዘመን የተቀረጸው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት የነባር ሕዝቦች ታሪክና ባህል በየትምህርቱ እንዲገባ ያዛል። የከተማው ልጅ የነባሮቹን ባህል እንዲማር እየታዘዘ የነባሮቹ ልጅ በቋንቋው የሚማርበት ሰዓት መቀነሱ ከባድ በደል ነው።

የከተማውም ትምህርት ቢሆን ጎዶሎ አለበት። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቀለም ውስጥ እየነከሩ ካንጋሩ ላይ ነጥብ ማስነጠብ በአውስትራሊያ ክፍሎች የተለመደ ሥራ ነበር። ልጁ ደስ ይለዋል፤ የማን ታሪክ እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደ፣ ቦታው የት እንዳለ ግን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፉትስክሬይን በመሰሉ የሜልቦርን ሰፈሮች የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይማራሉ። ሜልቦርን ከፓፑንያ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የኩሊን ሕዝቦች አገር ናት፣ የነጥብ ሥዕልም የእነርሱ አይደለም። የእነርሱ ጥበብ በጋሻ ላይ የሚቀረጽ መስመር ነው፤ ፖሰም ከተባለው የዛፍ እንስሳ ቆዳ ተሰፍቶ ውስጡ በመስመር የሚጌጥ ካባ ነው። በ1903 ያረፈው ከኩሊን ሕዝቦች የአንዱ፣ የዉሩንጀሪ ሽማግሌ ዊልያም ባራክ ካባ የለበሱ ወገኖቹን በሥርዓተ ጭፈራ ላይ ሣሎ ትቷል። ተቋርጦ የነበረውን የካባ ሥራ ሴት ሠዓሊያን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መልሰው አስነሥተውታል፤ በ2006 በሜልቦርኑ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች መክፈቻ ሽማግሌዎች ለብሰውት ወጥተዋል።

የዚያ ከተማ መጀመሪያ ደረጃ ተማሪ መማር ያለበት ከዚህ ይጀምራል፤ የሚያስተምረውም የአካባቢው ነባር ሽማግሌ ወይም ሠዓሊ ቢሆን ነው የሚበጀው። በዓመት አንድ ቀን ተጠርተው በጭብጨባ የሚሸኙ እንግዶች መሆናቸው ቀርቶ ክፍያቸው በትምህርት ቤቱ በጀት ውስጥ ሊያዝ ይገባል። ወላጆችም በስብሰባ ላይ ይህን መጠየቅ ይችላሉ፦ ልጄ የሣለችው ታሪክ የማን ነው? ባለቤቶቹስ ክፍል ገብተው ያስተማሩት መቼ ነው?