እንገር፣ ጂን እና የዱብሉቅ አባ ሄሬጋ

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ሜጋ ከመድረሳችሁ በፊት ዱብሉቅን ታገኛላችሁ። ከተማዋ የምትታወቀው በከብት ገበያዋና «ቱላ» በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከብቱ ያለቀበት ብዙ የቦረና ቤተሰብ ዱብሉቅ ዳር በላስቲክና በጨርቅ ጎጆ ተጠልሎ ነበር።

እስቲ በዚያ መጠለያ የአራት ወር ልጅ የታቀፈች እናት አለች እንበል። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ልጁ ያለቅሳል። «ትንሽ ውኃ ላቅምሰው?» ብላ ብትጠይቃችሁ ምን ትሏታላችሁ?

መልሱ «አይሆንም፣ ውኃውን አንቺ ጠጪው» ነው። ግራ ያጋባል አይደል? ግን የጡት ወተት 87 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። ኩላሊት ጨውንና የፕሮቲን ትርፍራፊን የሚያስወግደው በውኃ እያጠበ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሰው ወተት ጨውም ፕሮቲንም ጥቂት ስለሆነ ለዚህ እጥበት የሚባክነው ውኃ ትንሽ ነው፤ የተረፈው ለላብ ይበቃል። በሞቃት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናትን ሽንት እየለኩ ይህንኑ አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ፣ ውኃም ሳይጨመር የሚለው ለዚህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ።

ውኃ መስጠት ሌላም መዘዝ አለው። የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ የጡትን አሠራር ሳይ ትዝ የሚለኝ ፊድባክ የምንለው ነገር ነው። ሕፃኑ ሲጠባ መልእክቱ በነርቭ ወደ እናቱ አንጎል ይሄዳል፤ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ወተት ያሠራል፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተሠራውን ይገፋል። ጡት ውስጥ ሳይጠባ የቀረ ወተት ግን ራሱ «በቃ፣ አቁም» የሚል ምልክት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሆዱን ግማሽ ስኒ ውኃ የሞላው ልጅ ያነሰ ይጠባል፣ ነገ ደግሞ ያነሰ ወተት ይጠብቀዋል። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ተጨማሪ ነው።

«የተራበች እናት ጡቷ ይደርቃል» ሲባልም ትሰሙ ይሆናል። ረሃቡ እጅግ ካልከፋ በስተቀር የወተቱ መጠን ብዙም አይቀንስም። ዕዳውን የምትከፍለው እናትየዋ ናት፤ ካልሲየሙ ከአጥንቷ ሳይቀር ይወጣል። የሚቀንሰው እንደ ቫይታሚን ኤ እና ቢ12 ያለው ነው፤ እነዚህ በእሷ ምግብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የምታጠባ ሴት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። የዱቄት ወተት ይታደል ማለት ቀላል ነው፤ ግን የፈላ ውኃ፣ ማገዶና ንጹሕ ጡጦ ይፈልጋል። ድርቅ ላይ ሦስቱም ብርቅ ናቸው።

ወደ እድገቱ እንምጣ። ጥጃ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ለማድረግ አንድ ወር ተኩል አካባቢ ይበቃዋል፤ የሰው ልጅ ግን ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጅበታል። የላም ወተት ፕሮቲን ከሰው ወተት በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ አይገርምም። የእኛ ወተት የተሠራው ቶሎ ለሚሮጥ እግር ሳይሆን ቀስ ብሎ ለሚበስል አንጎል ነው ማለት ይቻላል። ጤና ጣቢያ ሕፃናት የሚመዘኑበት የእድገት ሠንጠረዥም በ2006 እ.ኤ.አ. የታደሰው ጡት የጠቡ ልጆችን መነሻ አድርጎ ነው። ልጆቹ የተለኩት በብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ሲሆን፣ በደህና ሁኔታ ያደጉት ልጆች ቁመት ከአገር አገር በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በዚሁ መለኪያ በ2019 ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ነበር።

ስለ እንገር ደግሞ አርብቶ አደር የሆነ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ቀን እንገር ያላገኘ ጥጃ እንደማይበረታ ያውቃል። የላም የእንግዴ ልጅ የበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖችን ስለማያሳልፍ ጥጃው ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ በሩን ይዘጋል። የሰው ልጅ ግን ከእናቱ ማሕፀን ሳለ የተወሰነውን ተቀብሎ ይወለዳል። የሰው እንገር ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ኢሙኖግሎቡሊን ኤ የሚባለው ፕሮቲን ደም ውስጥ ሳይገባ የአንጀቱን ግድግዳ ይለብጣል። በአንዳንድ አካባቢዎች «ቢጫ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋው፣ በምትኩም ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚዋጥለት ይህ ነው። ያሳዝናል።

ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችላቸው ከ150 በላይ ዓይነት ስኳሮችም አሉ። የማይፈጭ ምግብ ምን ያደርጋል? የሚበሉት ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉ የአንጀት ነዋሪዎች ናቸው። በልተውም አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ያስቸግራል፣ የአንጀት ሴሎችም ምልክቱን ያነባሉ።

ጂን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዱብሉቅ ጉድጓድ ላይ ውኃ አለ ተብሎ ሁሉም መንጋ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን ከብት ይጠጣል የሚለውን ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለ። ሴላችሁም እንዲሁ ነው። የጉበት ሴልና የአንጀት ሴል ውስጥ ያሉት 20,000 ገደማ ጂኖች አንድ ናቸው፤ የሚለየው የትኛው ጂን በተራው ይነበባል የሚለው ነው። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ሜቲል ነው፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘች ትንሽ ምልክት። ዲኤንኤው ላይ ስትለጠፍ ብዙ ጊዜ ጂኑ ዝም ይላል፤ ፊደሉ ግን አንድም አይቀየርም።

ምግብ ይህን ተራ ሊለውጥ እንደሚችል ንብ ታሳየናለች። የንብ ንግሥትና ሠራተኛዋ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይወጣሉ፤ የሚለያቸው እጭ ሳሉ የሚመገቡት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሜቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም እጮች ውስጥ ሲቀንሱት፣ አብዛኞቹ ንግሥት መስለው ወጡ።

ሕፃን ግን ንብ አይደለም። የሕፃን አንጀት ቆርጦ ማየትም አይቻልም። ታዲያ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በ2010 ምን አደረጉ መሰላችሁ? ዳይፐር ሰበሰቡ! አንጀት በየቀኑ ያረጁ ሴሎችን ስለሚያራግፍ ከሰገራው ውስጥ የሕፃኑን አር ኤን ኤ ለዩ። የሦስት ወር ሕፃናት ነበሩ፤ 12ቱ ጡት ብቻ፣ 10ሩ የዱቄት ወተት የሚጠጡ። ከሺህ በላይ ጂኖች በሁለቱ ቡድኖች የተነበቡበት መጠን ተለያየ፤ ለውጡ የአንጀት ግድግዳንና በሽታ መከላከልን የሚመለከቱትንም ይጨምራል። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ሕፃናቱ 22 ብቻ መሆናቸውን አትርሱ።

በዚያው ዓመት የጃፓን ተመራማሪዎች በሰው ወተት ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ ጂንን የሚያስተኙ አጫጭር ሰንሰለቶች አገኙ። «እናት በወተቷ የልጇን ጂን ትመራለች» የሚለው ወሬ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን በ2015 ስዊዘርላንድ ውስጥ አንዳንዶቹን ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ራሳቸው መሥራት የማይችሉ የአይጥ ግልገሎች መሥራት የምትችል እናት እንዲያጠባቸው ተደረገ፤ በደማቸውና በጉበታቸው ግን የሚረባ መጠን አልተገኘም። እኔን ብትጠይቁኝ ወሬው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

ለጥንቃቄው ሌላም ምክንያት አለ። የሚያጠቡና የማያጠቡ እናቶች በገቢም፣ በትምህርትም፣ በጤናም ስለሚለያዩ የልጆቹ ልዩነት ከወተቱ ይሁን ከኑሮው መለየት ይከብዳል። እናቶችን ዕጣ አውጥቶ «አንቺ አታጥቢ» ማለትም አይቻልም። ቤላሩስ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ዕጣው የወጣው ለሆስፒታሎቹ ነው፤ ግማሾቹ እናቶችን ጡት እንዲያጠቡ በደንብ እንዲያግዙ ተደረገ፣ ሌሎቹ እንደ ወትሮው ቀጠሉ። 17,000 ገደማ ሕፃናት ተከታተሉ። እገዛው ባለበት በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ኢንፌክሽን በግልጽ ቀነሰ። ከዓመታት በኋላ የልጆቹ ውፍረት ሲለካ ግን የሚጠበቀው ልዩነት አልታየም። ተቅማጥን መከላከሉ ጽኑ ማስረጃ ያለው ነው፤ ለዱብሉቅ መጠለያ ደግሞ ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ነው።

በሰው ላይ የምግብና የሜቲል ግንኙነት ጎልቶ የታየው እንዲያውም ከጡት በፊት፣ በፅንስ ጊዜ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ1944 እና 45 ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመርምረው፣ ከእድገት ጋር በተያያዘ አንድ ጂን ላይ ያለው ሜቲል ረሃቡን ካላዩት ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለቦረና የሚቀርበው ግን የጋምቢያው ነው። እዚያም ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ይኖራል፤ በ2014 የወጣው ጥናት እንዳሳየው በዝናብ ወቅትና በበጋ የተፀነሱት ሕፃናት በተወሰኑ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ ያላቸው ሜቲል ይለያያል፤ ልዩነቱም እናቶቹ በፀነሱበት ሰሞን ደማቸው ውስጥ ከነበሩት ንጥረ ነገሮች ጋር ይያያዛል።