የባሌ ፈረስና ትንፋሹ

ስለ ባሌ ፈረስ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው እግሩ ነው። ድንጋይ አይጥለውም፣ ጭቃ አይይዘውም፣ ቁልቁለት አያስፈራውም ይባላል። እግሩ በእርግጥ መልካም ነው። እኔ ግን ይህን ፈረስ እወዳለሁ የሚል ሰው ከእግሩ በፊት አፍንጫውን ቢያይ ደስ ይለኛል። ይህ ትንሽ ፈረስ በባሌ ሮቤ ሜዳ ላይ ሽምጥ ሲጋልብ የሚያደርገውን ነገር እግሩ ብቻውን አያስረዳም።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስተዋውቅ። የአገራችንን ፈረሶች ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ስምንት ዓይነት ለይተዋል፤ የባሌው አንዱ ነው። ሌሎቹ የሐበሻ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌና የኦጋዴን፣ እንዲሁም በሐረር በኩል በቁንዱዶ ተራራ ያለ ባለቤት የሚኖረው ናቸው። የባሌው ቁመቱ አጭር ነው፤ አብዛኛው 140 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ዳማው፣ ቦራው፣ ዳልቻው፣ አምባላዩ ሁሉም ይገኛል። ገብስ ይወዳል፤ ብርድ ይችላል።

ሥራውን ለመዘርዘር ቀኑ አይበቃም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎቹ የሚዞሩት በፈረስ ነው፤ ቀይ ቀበሮን የሚከታተሉት ሰዎችም እንደዚያው። ከዶዶላና ከአዳባ ወደ ደኑ የሚወጡ እንግዶች ከዋሆሮ ማረፊያ ወደ አንጋፉ፣ ከአንጋፉ ወደ አደሌ የሚሻገሩት በዚሁ ፈረስ ጀርባ ላይ ነው። እህል ወደ ገበያ ያወርዳል፤ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ሰው ታዲያ ይህን ሁሉ አይቶ «የጭነት ፈረስ ነው» ብሎ ይደመድማል። ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ሠርግ ሲሆን፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ ወይም ጎረምሶች እርስ በርስ ሲፎካከሩ ያው ፈረስ ግላስ ለብሶ፣ ጋማው ተበጥሮ ይወጣና ከሜዳው አንድ ጥግ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ እስኪመስል ይፈተለካል። አራት መቶ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓት የሚይዝ የለም፤ ዳኛው ተመልካቹ ነው።

አጭር ግልቢያ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጉግስ ራሱ ተወንጭፎ ደርሶ መመለስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየው ትርኢት የዓድዋን ፈረሰኞች የሚያስታውስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጃን ሜዳ ለጥምቀት ብቻ ሳይሆን ለፈረስ እሽቅድምድምም ሜዳ ነበር። መሪዎቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም እንደነበር ማን ይረሳል? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ይህን ሁሉ ታሪክ እናወራለን፤ ፈረሱ እንዴት እንደሚሮጥ ግን ብዙም አናወራም።

የአጭር ርቀት እሽቅድምድምን እንደ ትልቅ ጥበብ የያዘች አገር ለማየት ወደ አውስትራሊያ መሻገር ያስፈልጋል። ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የሜልበርን ዋንጫ 3200 ሜትር ነው፤ ዓለም የሚያውቀውም እሱን ነው። ነገር ግን አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲድኒ ውስጥ በራንድዊክ ሜዳ ኤቨረስት የሚባል ውድድር ስታቋቁም ርቀቱን 1200 ሜትር አደረገችው፤ ሽልማቱ አሁን 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ደርሷል። ሜልበርን ውስጥ ፍሌሚንግተን በሚባለው ሜዳ ደግሞ ቀጥ ያለ፣ መታጠፊያ የሌለው መስመር አለ። 1000 ሜትሩ ላይትኒንግ ስቴክስና ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው 1200 ሜትሩ ኒውማርኬት ሃንዲካፕ የሚሮጡት እዚያ ነው። መታጠፊያ የሌለው ሜዳ ሲባል የኔ ልብ ወዲያው ወደ ሮቤ ይሄዳል፤ የኛም ግልቢያ ቀጥ ያለ ነውና። በዚያ መስመር ላይ ከታዩት ሁሉ የምትጠቀሰው ብላክ ካቪያር የምትባል ባዝራ ናት። 25 ጊዜ ሮጣ 25 ጊዜ አሸንፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ ድረስ ሄዳ አስኮት ላይ ያገኘችውን ድል ጨምሮ። የባሌ ፈረስ እሷን ይቀድማል የሚል የለም። ክብደቱ ግማሿን ቢያህል ነው። ሁለቱ ግን የሚሮጡበት ሕግ አንድ ነው፤ እሱም ትንፋሽ ነው።

ብዙ ሰው አጭር ርቀት ትንፋሽ አይፈልግም ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከሰው ሩጫ ይመስለኛል። መቶ ሜትር የሚሮጥ ሰው ሩጫውን በአሥር ሰከንድ ገደማ ስለሚጨርስ ትንፋሹን ብዙ ሳያስብበት ሊያልፍ ይችላል። ፈረስ ግን 1200 ሜትር ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ጉልበቱም የሚበዛው አየር ከሚሰጠው ኃይል ነው። ትንፋሹን ይዞ የሚሮጥ ፈረስ የለም። ሊይዘው ቢፈልግም አይችልም።

ፈረስ በእርምጃና በሶምሶማ ሲሄድ እንደፈቀደው ይተነፍሳል። ወደ ደንገላሳና ወደ ሽምጥ ሲገባ ግን ትንፋሹ ከእግሩ ጋር ይታሰራል፤ ለአንድ ዝላይ አንድ ትንፋሽ፣ አይጨምርም አይቀንስም። የኋላ እግሮቹ ሲያርፉና አካሉ ከመሬት ተነስቶ ሲንሳፈፍ አየር ያስገባል፤ የፊት እግሮቹ መሬት ሲመቱ ያስወጣል። ሆዱ ውስጥ ያለው ከባዱ አንጀት በየዝላዩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ ሳንባውን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያነፋዋል፣ ይጨምቀዋል። ለእሽቅድምድም የተዳቀለው ትልቁ ፈረስ በአንድ ዝላይ ሰባት ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ 1200 ሜትር ማለት 170 ገደማ ዝላይ፣ 170 ገደማ ትንፋሽ ነው። ቆሞ ሲያርፍ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ብቻ የሚተነፍሰው እንስሳ ሽምጥ ላይ በደቂቃ ከ120 በላይ ይተነፍሳል፤ በየትንፋሹም 12 ሊትርና ከዚያ በላይ አየር ይስባል። የባሌው ዝላዩ አጭር ነው። ለዚያው ርቀት ብዙ ጊዜ መዝለል፣ ብዙ ጊዜም መተንፈስ አለበት።

አሁን ከፍታውን እንጨምርበት። ራንድዊክም ፍሌሚንግተንም ከባሕር ወለል ብዙም አይርቁም። ሮቤ 2500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በሮቤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሰነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ ከሲሶ በላይ ይጎድላል። እንግዲህ አንድ የባሌ ፈረስ ሮቤ ሜዳ ላይ ሲጋልብ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያመጣለት ኦክስጅን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዝላዩ የወሰነለትን ትንፋሽ ማብዛት ደግሞ አይችልም። ከጎረቤታችን ከአርሲ ስለወጡት ሯጮች ስለ ደራርቱና ስለ ቀነኒሳ ሳንባ ስንት ተጽፏል፤ በዚያው ደጋ ተወልዶ በዚያው አየር ስለሚጋልበው ፈረስ ማን ጻፈ?

ፈረሱ ግን አንድ መጠባበቂያ አለው፤ ጣፊያው። ሲያርፍ ከቀይ የደም ሕዋሱ ከሲሶ የማያንሰውን ጣፊያው ውስጥ ያስቀምጣል። መሮጥ ሲጀምር ጣፊያው ይኮማተርና ያንን ሁሉ ወደ ደም ሥር ይለቃል፤ ደሙ ይወፍራል፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ይበዛል። ለዚህ ግን ጥቂት ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ከግንድ ተፈትቶ ወዲያው ሽምጥ የሚመታ ፈረስ መጠባበቂያው ሳይደርስለት ነው የሚሮጠው። የልብ ምቱ በእረፍት ሰዓት በደቂቃ 40 እንኳ የማይሞላ፣ ሽምጥ ላይ ከ200 የሚያልፍ እንስሳ በአንድ ጅራፍ ከዚህ ወደዚያ አይወረወርም።

ሌላው ነገር አፍንጫው ነው። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ እንደ ውሻ አፉን ከፍቶ ማለክለክ አይችልም። ያለው መንገድ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሲጋልብ እንደዚያ የሚነፉት። እኛ አገር የሚሠራው የብረት ልጓም ጠንካራ ነው፤ ጋላቢው ዛቡን ወደ ደረቱ ሲጎትት ፈረሱ አንገቱን ቆልምሞ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ተመልካች «እንዴት ያምራል!» ይላል። አንገት እንደዚያ ሲታጠፍ ግን ጉሮሮ ላይ የአየሩ መንገድ ይጠባል። በአንድ እጅ እየነዱ በሌላው ማነቅ ማለት ነው። ግንባሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚሮጥ ፈረስ ምናልባት ለፎቶ አያምር ይሆናል፤ የሚተነፍሰው ግን እሱ ነው። በባሌ ጥሩ ጋላቢዎችን ለይቼ የማውቀው በዚህ ነው፤ ፈረሱ ሲፈተለክ እጃቸው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዛቡ ይላላል።

ጎባ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ አውቃለሁ። ልጃቸው ጋልቦ ሲመለስ ፈረሱ እንደቆመ መዳፋቸውን አፍንጫው ፊት ይዘረጋሉ። ትኩሱ አየር እጃቸውን ሲመታ ዝም ብለው ይቆጥራሉ፤ ሌላው እጃቸው ጎኑ ላይ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ፣ ያርፋል። አንድ ቀን እኔ አጠገባቸው ቆሜ ልጁ ውሃ ሊያቀርብ ሲሞክር «ቆይ ልጄ፣ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም» አሉት። ልጁ ባልዲውን አስቀምጦ ፈረሱን በእርምጃ ያዞረው ጀመር። ላቡ በጎኑ ላይ ደርቆ ጨው እስኪሆን፣ ትንፋሹም ተመልሶ ዝግ እስኪል አዞሩት። ከዚያ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ሰጡት፤ ጀርባውንም በጋቢ ሸፈኑት። ሽማግሌው ስለ ጣፊያም ሆነ ስለ ኦክስጅን አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ውሃውን ማቆየት ባያስፈልግም ትንፋሹን መከታተላቸውና በእርምጃ ማዞራቸው ግን ትክክል ነው።

ሁሉም እንደ እሳቸው ቢሆን ጥሩ ነበር። ጠዋት ገብስ እስኪጠግብ ያበሉትና ወዲያው ለሠርግ የሚያስጋልቡት አሉ፤ የሞላ ሆድ ሳንባውን ይጫነዋል። ኮርቻው እንዳይዞር ብለው ጠፍሩን ደረቱ እስኪጨነቅ የሚያጠብቁ አሉ። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከባጃጅ ጋር የሚያሽቀዳድሙ ጎረምሶችን ሳይ እናደዳለሁ፤ ሰኮናና ጅማት የተሠሩት ለሣር እንጂ ለሬንጅ አይደለም። በላብ የተዘፈቀውን ፈረስ በባሌ ነፋስ ውስጥ አስረው ጠላ ቤት የሚገቡትንማ ምን ልበላቸው? የሻገተ ድርቆሽ የሚሰጡም አሉ፤ የሻጋታው ብናኝ የፈረሱን ሳንባ ለዘለቄታ ያበላሸዋል። በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አንዱ ዓይነቱ ሳንባን ውሃ ሞልቶ የሚገድል ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሆኖም ፈረሱን ሳያስከትብ ለኮርቻው ጌጥ ብዙ ብር የሚያወጣ ባለቤት አይቻለሁ።

ሜዳውም እያነሰ ነው። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ነች፤ ትራክተርና ኮምባይነር የገባበት ሜዳ ከአጨዳ በኋላ ካልሆነ ለፈረስ አይለቀቅም። ይህን ማንም አይወቅሰውም፤ ዳቦ ይቀድማል። በሮቤም ሆነ በጎባ ዳር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ሣር ለፈረስ ግልቢያ ተከልሎ ቢቀር ለከተማው የሚከብድ አይደለም። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበውን ፓርክ ለማየት ከሚመጣው እንግዳ ብዙው በሮቤ በኩል ያልፋል፤ ቀይ ቀበሮውንና የደጋ አጋዘኑን አይቶ ሲመለስ የአገሩን ፈረስ በወጉ ሲጋልብ ቢያይ ለእንግዳውም ለባለፈረሱም ጥቅም ነው።

ፈረስ ላላችሁና ለሚቀጥለው ሠርግ ለምትዘጋጁ የምለምነው ይህን ነው። ከግልቢያው በፊት ሩብ ሰዓት በእርምጃና በሶምሶማ አሙቁት። ጠፍሩ ውስጥ ሁለት ጣት የሚገባ ክፍተት ተዉለት። ሽምጥ ሲይዝ ዛቡን ልቀቁለት። ሲጨርስ ትንፋሹ እስኪመለስ በእርምጃ አዙሩት፤ ውሃ አትከልክሉት፤ ገብሱ ግን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ክትባቱንም አትርሱ።