መርዶ ያልተነገረው

የክሊኒካችን በር የሚከፈተው ሳይነጋ ነው። የምሠራው ሲያትል ውስጥ፣ የሄሮይንና የፈንታኒል ሱስ ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ቤት ነው። ቀለም ቀቢው፣ የሆቴል ምግብ አብሳዩ፣ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት፣ ሁሉም በተራ መስኮቴ ፊት ይቆማሉ። እኔም የታዘዘላቸውን ሜታዶን በትንሽ ኩባያ እሰጣለሁ። ይጨልጡታል፣ ኩባያውን በውኃ አለቅልቀው እሱንም ይጠጣሉ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይናገራሉ። መናገር ግዴታ ነው፤ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ እንዳልቀረ የምናውቀው በዚያ ነው። አብዛኛው ሰው «ደህና ዋይ» ይላል። ስለ ዝናቡ የሚያማርርም አለ።

አንድ ጠዋት አንድ የአገሬ ልጅ ጠጣና ዝም አለ። (ማንነቱን ሊገልጥ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።) «ተናገር እንጂ» አልኩት በአማርኛ። የወረቀት ኩባያዋን በጣቶቹ እየጨማደደ፣ «ሲስተር፣ እናቴ ሞታለች አሉ» አለኝ።

ያቺ «አሉ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ሰው የእናቱን ሞት እንደ ሰፈር ወሬ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማን እንደነገረው ስጠይቀው ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፎቶዋን አይቶ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗታል። እሱ ካለበት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ፣ አክስቱ ቤት፣ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው መርዶ ተናግረዋል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰንብቷል። ለእሱ የደወለ የለም።

የዚያን ቀን ማታ ከብዙ ዓመት በፊት ያየሁትን አንድ ፊልም ፈልጌ እንደገና አየሁ። ዴንማርካዊቷ ሱዛነ ቢር እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የሠራችው «ቲንግስ ዊ ሎስት ኢን ዘ ፋየር» ነው፤ በእሳቱ ያጣናቸው ነገሮች እንደ ማለት። ሃሊ ቤሪ የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ኦድሪን፣ ዴቪድ ዱኮቭኒ ባሏን ብራያንን፣ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ ደግሞ የብራያንን የልጅነት ጓደኛ ጄሪን ሆነው ይጫወታሉ። ጄሪ ጠበቃ የነበረ፣ ሄሮይን የጣለው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ሲሸሸው ብራያን ብቻ አልተወውም። ኦድሪ ይህን ወዳጅነት ለዓመታት ስትጠላው ኖራለች። ከዕለታት አንድ ቀን ብራያን፣ ባሏ ሲደበድባት ያያትን ሴት ሊያስጥል ገብቶ ይገደላል።

በፊልሙ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኋላውን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ጄሪን ጋራዡ አጠገብ ባለው ክፍል አምጥታ ማኖሯን። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ የሚቀድም፣ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነው። የቀብሩ ዕለት ኦድሪ ለጄሪ መርዶ እንዳልተነገረው ድንገት ትዝ ይላታል። ረስታዋለች። ወንድሟ ሄዶ ይነግረውና ወደ ቀብሩ ያመጣዋል። ከሚስቱና ከልጆቹ ቀጥሎ ብራያንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ከሁሉም በኋላ ሰማ። ክፋት የለበትም፤ የሚነገራቸው ሰዎች ሲቆጠሩ ስሙ አልመጣም፣ በቃ።

ታካሚዬ ፈቅዶ ከፈረመልኝ በኋላ ለአክስቱ ደወልኩ። ስልኩን የያዝኩት ተቆጥቼ እንደነበር አልደብቅም። እሳቸው ግን ገና ስሙን ሳነሳ ማልቀስ ጀመሩ። «የኔ ልጅ፣ ምን ብለን እንንገረው? ሰምቶ እዚያው መንገድ ላይ ቢቀርስ? አንዱን ቀብረን ሌላ ልንቀብር ነው?» አሉኝ። ቁጣዬ እዚያው በረደ። ዘመዶቹ የደበቁት ፈርተውለት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ልማድ ነው፤ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ ይዘገያል። በሱስ የተያዘውንም ከእነዚህ ጋር ቆጥረውታል።

ፍርሃታቸው እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት፣ ሰውን ወደ ሱሱ የሚመልሰው ኀዘኑ ብቻ አይደለም። ለብቻው ማዘኑ ነው። ሌላው ሰው እየጮኸ፣ ደረት እየመታ፣ በሰው ትከሻ ላይ እያለቀሰ የሚያወጣውን፣ እሱ በአንድ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ሆኖ ሊሸከመው ይሞክራል። በዚያ ላይ ወገኑ እንደማይቆጥረው ያን ቀን አረጋግጧል።

አክስቱ በማግስቱ ልጁን አስጠሩት። ሲገባ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ያሳረፈው ለቅሶው ሳይሆን ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው። አጎቱ «በል ተነስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር እናምጣ» አለው። ወንበር ተሸከመ። ንፍሮ አዞረ። ማታ የጫማውን ጭቃ እያራገፈ፣ የእናቱ ልጅ መሆኑ ትዝ እንዳለው ነገረኝ። የተናገረው ቃል በቃል ይህንኑ ነው፤ «የእናቴ ልጅ መሆኔ ትዝ አለኝ።»

ፊልሙም ይህን ያውቃል። ኦድሪ ጄሪን ያመጣችው ለምጽዋት ብላ ብቻ አይደለም፤ ራሷም ትፈልገዋለች። እንቅልፍ እምቢ ሲላት አጠገቧ ጋደም ብሎ እንዲያስተኛት ትጠይቀዋለች፤ በመካከላቸው ግን የፍቅር ጉዳይ የለም። ደራሲው አለን ሎብ ወደዚያ ባለመውሰዱ አከብረዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ትጠላዋለች። ትንሹ ልጇ ዶሪ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ መንከር ይፈራል፤ አባቱ ለዓመታት ሞክሮ አልሆነለትም። አንድ ቀን ጄሪ በመዋኛ ገንዳው ያስደፍረዋል። ልጁ ሲደሰት እናቱ ትናደዳለች። ያ ጊዜ የብራያን ነበራ! ኀዘንተኛ ቤት የገባ ሁሉ ይህን ቁጣ ያውቀዋል። በመጨረሻ ታባርረዋለች፣ ሱሱም ያገረሽበታል። ፈልጋ ያመጣችውም እሷው ናት።

በባለሙያ ዓይን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ጄሪ ከሄሮይን የሚላቀቀው በሰው ቤት ተኝቶ፣ እየተንቀጠቀጠና እያላበው፣ ያለ መድኃኒት ነው። ዴል ቶሮ የሰውነቱን ስቃይ አሳምሮ ተጫውቶታል፤ ሱሱ የተነሳበት ሰው ያዛጋዋል፣ ዓይንና አፍንጫው ይፈስሳል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ቆዳው እንደ ተነጨ ዶሮ ይሆናል። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ በሳምንት ገደማ ይበርዳል። የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳምንት ሳይሆን ከሱ በኋላ ያለው ነው። ሰውነት የለመደውን መጠን ይረሳል፤ ሰውየው በድሮው ልክ ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር ሜታዶን እንደሚሠራ ኒውዮርክ ላይ ያሳዩት በ1965 ነው፤ ቡፕረኖርፊንም አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕክምና ከ2002 ጀምሮ ተፈቅዷል። እነዚህ መድኃኒቶች የሞትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ጄሪ መጨረሻ ላይ ወደ ሕክምና መሄዱ ደስ ይለኛል፤ እኛ ሰፈር ግን አሁንም «በር ዘግተንበት ይወጣለታል» የሚል ቤተሰብ አለና ዝም ማለት አልችልም። አትዝጉበት።

ጄሪ የሚሄድበት ዓይነት የናርኮቲክስ አኖኒመስ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ንጹሕ ሆኖ የቆየበትን ቀን እየቆጠረ የቁልፍ መያዣ ይሰጠዋል፤ ለ30 ቀን ብርቱካንማ፣ ለ60 አረንጓዴ፣ ለ90 ቀይ። የእኛም ሰው ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ እያለ ይቆጥራል። ታካሚዬ የእናቱ አርባ ሲወጣ ብርቱካንማውን ይዞ ነበር። ከሰማንያው በፊት ግን አገረሸበት። ቤቱ ጭር ብሎ፣ ጠያቂ ሁሉ ወደየሥራው ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አክስቱ እጁን ይዘው ወደ መስኮቴ አመጡት። መድኃኒቱን ጠጣ፣ ኩባያውን አለቀለቀ፣ «እሳቸው ናቸው ያመጡኝ» አለ።

እንግዲህ መርዶ የሚነገራቸውን ሰዎች ስትቆጥሩ በሱስ የተያዘውንም ቁጠሩት። ሁለት ሆናችሁ፣ በማለዳ፣ በአካል ሄዳችሁ ንገሩት፤ ይዛችሁትም ወደ ለቅሶው ቤት ኑ፤ የሚሠራው ሥራ ስጡት። ከአርባውም በኋላ ደውሉለት። መጠኑ በዝቶ የቆመን ትንፋሽ የሚመልሰው፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ፋርማሲ ይሸጣል። አንዱን ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፣ አጠቃቀሙንም ከቤቱ ሰው ሁለቱ ይወቁት።